አባቴን ያጠቡልኝ ሰዎች

አባቴ ቢቸና ጤና ጣቢያ ድሬሰር ነበሩ። ቁስል ሲያጥቡ፣ መርፌ ሲወጉ፣ የተሰበረ ሲያስሩ ኖረው ጡረታ ወጡ። ከዚያም በኋላ ሰው እቤታቸው መምጣቱን አልተወም። የተቃጠለ ሕፃን ይዞ የሚመጣ ነበር፤ እግሩ ያበጠበት ሽማግሌ ነበር፤ ምንም ሳያመው እንዲሁ ለጨዋታ ጎራ የሚልም ነበር። እናቴ በሕይወት ሳለች ሁሉንም ታስተናግዳለች። እሷ ስታርፍ ቤቱ ጭር አለ።

እኔ ሞጣ ነው የማስተምረው። ባለቤቴ የሞጣ ሰው ነው፤ ልጆቼም እዚያው ተወለዱ። ወንድሜ አዲስ አበባ ሹፌር ነው፤ ዛሬ ቢያገኙት ነገ የለም። ስለዚህ የእናቴ አርባ እንደ ወጣ አባቴን የማሰብ ነገር በእኔ ላይ ወደቀ። ሞጣ ይዣቸው መጣሁ። እሳቸውም አልተከራከሩኝም።

የተከራየነው ቤት ሁለት ክፍል ነው። አባቴ ከልጆቼ ጋር ይተኛሉ። ጠዋት ሁላችንም በየፊናችን ስንሄድ እሳቸው በር ላይ ዱካ አውጥተው ተቀምጠው ይውላሉ። የሚያልፈው ሁሉ ሰላም ይላቸዋል፤ ግን የማን አባት እንደሆኑ እንጂ እሳቸው ማን እንደሆኑ የሚያውቅ የለም። ምግብ እየቀነሱ መጡ። ልጆቼ ሲያወሯቸው «እ?» ይላሉ እንጂ አይሰሙም። ጆሯቸው ግን ደህና ነበር።

አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ካፖርታቸውን ለብሰው፣ ሻንጣቸውን አጠገባቸው አድርገው አገኘኋቸው።

«ወዴት ነው አባባ?»

«ወደ ቤቴ።»

«ማን ያበስልልዎታል? ውኃውንስ ማን ይቀዳልዎታል?»

«እሱን እዚያ ሆኜ አስብበታለሁ» አሉ። «አንቺ ምንም አላጎደልሽብኝም። ግን እዚህ ቀኑ አይመሽልኝም። በእንግድነት መሞት አልፈልግም።»

አልቅሼ ለመንኳቸው። ባለቤቴም ለመናቸው። በነጋታው በሚኒባስ ይዣቸው ቢቸና ወረድኩ።

በዚያ ሰሞን የሠፈራችን እድሮች ተሰባስበው ጧሪ የሌላቸውን አረጋውያን እየቤታቸው የሚረዳ ኮሚቴ አቋቁመው ነበር። ሥራው ቀላል ይመስላል። ሽማግሌውን ወይም አሮጊቷን ከቤታቸው ሳያፈናቅሉ፣ ምግብ የሚያደርስላቸው፣ ውኃ የሚቀዳላቸው፣ ገላቸውን የሚያጥባቸው፣ ሲታመሙ ጤና ጣቢያ የሚያደርሳቸው ሰው መመደብ ነው። የሚመደቡት የሠፈር ሰዎች ናቸው፤ ደመወዝ የላቸውም። እድሮቹ ከሚሰበስቡት ላይ ለእህልና ለሳሙና ይመድቡላቸዋል፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋም አልፎ አልፎ እየዞረች ደም ግፊት ትለካለች።

እኔም ጉዳዬን ይዤ ስብሰባቸው ላይ ቀረብኩ። ሰብሳቢው በጥሞና ሰሙኝና፣ «ልጄ፣ ይኼ እኮ ጧሪ ለሌለው ነው» አሉኝ። «አባትሽ ልጆች አሏቸው።»

ፊቴ ጋለ። «አሏቸው፤ ግን ሩቅ ነን።»

«ሞጣ ሩቅ ነው እንዴ?»

ያን ጊዜ ሩቅ አልነበረም። ጠዋት በሚኒባስ የተነሣ ሰው ለምሳ ይደርሳል። አንገቴን ደፋሁ። አባቴ ጧሪ እንደሌለው ሰው ሊቆጠሩ መሆኑ ለራሴም ከበደኝ። በዚህ መሐል ከኋላ የተቀመጡ አንዲት ሴት ተነሡ። ከገበያው በታች የሚኖሩ፣ ጠላ ሸጠው ልጆቻቸውን ያሳደጉ፣ ከእኔ ጠና ያሉ ሴት ናቸው።

«እኔ እወስዳቸዋለሁ» አሉ። «ወደ ተመደብኩላቸው አሮጊት ስሄድ በደጃቸው ነው የማልፈው። ልጅ ያለው ሰው አይርበውም ያለው ማነው?»

ከዚያ ቀን ጀምሮ እትዬ እላቸዋለሁ።

እትዬ በየማለዳው ይመጣሉ። ቤቱን ይጠርጋሉ፤ የቀኑን ምግብ ሠርተው ይከድናሉ፤ ውኃ በጆግ ሞልተው አልጋው አጠገብ ያስቀምጣሉ። አባቴ መጀመሪያ ኮሩባቸው። «ቤቴ ንጹሕ ነው» እያሉ በር ላይ ያቆሟቸው ነበር አሉ። እትዬ ግን ገፋ አድርገው ይገባሉ። ብዙም ሳይቆዩ መጨቃጨቅ ጀመሩ፤ ስለ ወጡ ጨው፣ ስለ መጋረጃው፣ ስለ ድሮ ሰዎች። ስልክ ስደውል ከጀርባ ድምፃቸውን እሰማለሁ። አባቴ እንደገና የሚጨቃጨቁት ሰው ማግኘታቸው ደስ አሰኘኝ።

ገላቸውን መታጠቡ ነበር ችግሩ። ሴት አታጥበኝም አሉ። ኮሚቴው ሌላ ሰው ፈለገ። የተገኘው በሠፈሩ ጨውና ዘይት የሚሸጥ፣ ትውልዱ ከሞጣ የሆነ ሙስሊም ነጋዴ ነው። ከእኔ ጋር እኩያ ነን። መጀመሪያ የመጣ ዕለት እኔም ለእሑድ እረፍት እዚያው ነበርኩ።

«ማን ላከህ?» አሉት አባቴ።

«ኮሚቴው ነው አባባ።»

«አንተ የእኛ እድር ውስጥ የለህም እኮ።»

«የእኛም እድር ገብቶበታል። በዚህ ጉዳይ ሁላችንም አንድ ላይ ነን።»

«ጨውና ዘይት የምትሸጥ ሰው ሽማግሌ ማጠብ ከየት ተማርክ?»

ነጋዴው እጅጌውን ሰበሰበ። «አልተማርኩም። እርስዎ እየነገሩኝ አጥባለሁ።»

አባቴ መታዘዝ የለመደ ሰው ሳይሆን ማዘዝ የለመደ ሰው በሚናገርበት ድምፅ፣ «እንግዲያው ውኃውን መጀመሪያ በክንድህ ሞክረው» አሉት። እኔ ከክፍሉ ወጣሁ። ከውጭ ሆኜ ሲስቁ ሰማሁ።

ያ ጊዜ ደግ ጊዜ ነበር። አባቴ ከዘራቸውን ይዘው እስከ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ። ሰው ቁስሉን ሊያሳያቸው ይመጣል። እኔ በየወሩ እሄዳለሁ፤ ስደርስ የምጣደፍበት ሥራ አላገኝም፤ ሁሉም ተሠርቶ ይቆየኛል። ቁጭ ብለን እናወራለን። እናቴ ከሞተች ወዲህ እንደዚያ አውርተን አናውቅም ነበር።

ከዚያ ክረምት ገባ። አንድ ማለዳ አባቴ ግቢው ጥግ ወዳለው ሽንት ቤት ሲሄዱ ጭቃው አዳለጣቸው። ማንም አልነበረም። እትዬ ሲደርሱ ዝናቡ ላያቸው ላይ እየወረደ ነበር። ሊያነሷቸው ሲሞክሩ፣ «አታንሺኝ! ታፋዬ ተሰብሯል። መጀመሪያ ሰው ጥሪ፤ ከዚያ ሳንቃ ፈልጉ» አሏቸው። የሚሆነውን ሁሉ ጭቃው ላይ ተኝተው አዘዙ።

ሐኪም ቤት ወሰዷቸው፤ እኔም ተደውሎልኝ ደረስኩ። ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋል፤ እሱ ደግሞ የሚገኘው ትልቅ ከተማ ነው ተባለ። በአካባቢው ተኩስ ተጀምሮ ስለነበር መንገዱ አንድ ቀን ይከፈታል፣ አንድ ቀን ይዘጋል። ሐኪሙ ሲያስረዳን አባቴ አቋረጡት።

«አውቀዋለሁ ዶክተር» አሉ። «በእኔ ዕድሜ፣ በዚህ መንገድ፣ አልደርስም። ቤቴ መልሱኝ።»

መለስናቸው። ከዚያ በኋላ አልተነሡም።

ትምህርት ቤት ለክረምት ተዘግቶ ስለነበር አብሬያቸው ቆየሁ። ነጋዴው ወፍራም ስፖንጅ ፍራሽ አምጥቶ ዘረጋላቸው። አባቴ ሦስታችንንም አልጋው ዙሪያ አቁመው እንዴት በአንሶላ ይዘን እንደምናገላብጣቸው አስተማሩን። ከወገባቸው በታች ያለውን ቆዳ በየቀኑ እንድናየው አዘዙን።

«ቀይ ሆኖ ካያችሁ ንገሩኝ። ከጠቆረ ግን አትንገሩኝ» አሉ።

እትዬ ሳቁ። እኔ መሳቅ አልቻልኩም።

ሞጣ ልወስዳቸው እንደገና ጠየቅኋቸው። በዚያ አካል ያን መንገድ መኪና ላይ መሄድ እንደማይችሉ እያወቅሁ ነው የጠየቅሁት። እሳቸውም እያወቁ፣ «ክረምቱ ይውጣና እናስብበታለን» አሉኝ። ትምህርት ሲከፈት ትቻቸው ሄድኩ።

ክረምቱ ወጣ። መንገዱ ግን ጨርሶ ተዘጋ። ተኩሱ ሞጣም ነበር፣ ቢቸናም ነበር፣ በመካከሉም ነበር። ትምህርት ቤታችን ተከፍቶ ወዲያው ተዘጋ። ከዚያ ስልክ ጠፋ። ከመጥፋቱ በፊት አንድ ጊዜ አግኝቻቸው ነበር፤ ድምፃቸው ደክሟል።

«እትዬ ይመጣሉ?» አልኳቸው።

«ትመጣለች። እሷን ግን አትጫኗት፤ እሷም ነፍስ አላት።»

«ቁስል ወጣብዎት እንዴ?»

«ልጆቹ ደህና ናቸው?» አሉኝ።

ደግሜ ሳልጠይቃቸው መስመሩ ተቋረጠ።

ከዚያ በኋላ ወሬ የሚመጣው በእግረኛ ነው። ከቢቸና በኩል የመጣ ሰው አለ ሲባል እየሮጥኩ እሄዳለሁ። «ደህና ናቸው» ይለኛል ሁሉም። አይቷቸው እንደሆን ስጠይቀው፣ አላያቸውም፤ ሰው ነግሮት ነው። የእድሩ ስብሰባ እንደቀረ፣ ሰብሳቢው ቤተሰባቸውን ይዘው ከከተማው እንደወጡ፣ ከተመደቡት ሰዎችም ብዙዎቹ መምጣት እንዳቆሙ የሰማሁት ግን እውነት ነበር። ሰው የራሱን ቤት በር ከፍቶ መውጣት በፈራበት ጊዜ የሌላውን ቤት በር ክፈት አይባልም። ይህን አውቃለሁ። አውቄውም እንቅልፍ አልወሰደኝም።

አንድ ጠዋት ሚኒባሶች በመንገዱ መሐል እስካለችው ግንደወይን ሊሞክሩ ነው ተባለ። ባለቤቴ፣ «አትሂጂ» አላለኝም። እስከ መናኸሪያው ሸኘኝ። ግንደወይን ስንደርስ ሹፌሩ ከዚህ አላልፍም አለ። የቀረውን መንገድ ከሌሎች ሰዎች ጋር በእግሬ፣ ጥቂቱንም በጋሪ ሄድኩ። የማላውቃቸው ሰዎች ቤት አደርኩ። ቢቸና ስገባ ረፋድ ሆኗል፤ አስፋልቱ ላይ ሰው አልነበረም ማለት ይቻላል።

የአባቴ ቤት በር በቁልፍ ተዘግቷል።

አልጋ ላይ የተኛ ሰው በር ከውጭ አይቆለፍም። ይህን እያሰብኩ፣ ግን የመጨረሻውን ሳላስብ፣ በሩን ደጋግሜ መታሁት። «አባባ!» እያልኩ ተጣራሁ። የጎረቤት መስኮት ሲከፈት፣ ተመልሶም ሲዘጋ ሰማሁ። መንገዱን ተሻግሬ ወደ ነጋዴው ሱቅ ሄድኩ። ከባንኮኒው ጀርባ ቆሞ ዘይት ይቀዳ ነበር። ሲያየኝ ጀሪካኑን አስቀመጠ።

«እኅቴ፣ ግቢ» አለኝ።

«አባቴ የት ናቸው?»

የሱቁን በር ገርበብ አደረገና በርጩማ ስቦ፣ «ቁጭ በይ» አለኝ። ሰው መርዶ የሚነገረው በማለዳ፣ ሽማግሌዎች ተሰብስበው፣ ዘመድ ከጎኑ ይዞት ነው። እሱ ብቻውን ነበር፤ ምን እንደሚያደርግ አላወቀም።

«መቼ?» አልኩት።

«ያለፈው ረቡዕ ቀበርናቸው።»

ከዚያ በኋላ የሆነውን በደንብ አላስታውሰውም። የጮኽኩ ይመስለኛል፤ ሴቶች ገብተው ያዙኝ። ስረጋጋ የአባቴ ቤት ውስጥ፣ ወለሉ ላይ ተቀምጫለሁ። እትዬ አጠገቤ አሉ። ከስተዋል። አልጋው ተነጥፎ፣ ስፖንጁ ፍራሽ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል።

ሁለት ቀን ሰው ሲገባና ሲወጣ ምንም አልጠየቅሁም። በሦስተኛው ቀን ሁለታችን ብቻ ስንሆን፣ «እትዬ፣ እውነቱን ይንገሩኝ» አልኳቸው።

«ምን ያደርግልሻል?»

«ይንገሩኝ።»

ነጠላቸውን እያጠፉ፣ እየፈቱ ነገሩኝ። ቁስሉ የወጣው ስልክ ከጠፋ በኋላ ነው። መጀመሪያ ቀላ፤ ነገሯቸው። ከዚያ ጠቆረ፤ እንዳሉትም አልነገሯቸውም። ግን ሽታውን አባቴ ራሳቸው አወቁት። «እንዳትሸሽጊኝ፤ ዕድሜዬን የኖርኩት በዚህ ነው» አሏቸው። ነጋዴውና እትዬ በፈላ ውኃና በጨው እያጠቡ፣ የቆየ አንሶላ ቀደው እያሰሩ ቆዩ። ፋርማሲ ዝግ ነው። ነጋዴው ጥቂት እንክብል ከሰው ቤት ለምኖ አመጣ፤ አባቴ ዋጧቸው፤ አልበቃም።

«ከዚያ ያ ሐሙስ መጣ» አሉ እትዬ።

ሐሙስ ዕለት ውጊያው ከተማው ውስጥ ገባ። የእትዬ ቤት ከአስፋልቱ ወዲያ ነው። መሻገር አልተቻለም። ነጋዴውም ሱቁ ውስጥ ከነቤተሰቡ መሬት ላይ ተኝቶ ሰነበተ። እስከ እሑድ ማንም ከቤቱ አልወጣም።

«አባባስ?»

«ውኃ ሞልቼላቸው ነበር የወጣሁት። ቂጣም ነበር። ሐሙስ ጠዋት ነበር፤ ማታ እመለሳለሁ ብያቸው ነበር።» ነጠላቸውን ፈተው እንደገና አጠፉት። «እሑድ ስገባ ጆጉ ወለል ላይ ወድቋል። በጀርባቸው አስተኝቼ እንደተውኳቸው አልነበሩም፤ ብቻቸውን ሊገላበጡ ሞክረዋል። ከንፈራቸው ተሰነጣጥቋል። ውኃ ሰጠኋቸው። መጀመሪያ ያሉኝን ልንገርሽ? ‹ልጆችሽ ተርፈዋል?› አሉኝ።»

እትዬ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ አደረጉ። እኔ ልቆጣ ፈለግሁ። አንድ ሰው ላይ ልጮኽ፣ ለምን ብዬ ላንቀው ፈለግሁ። ያገኘሁት ሰው ግን ከእኔ በላይ የሚያለቅሱ፣ የእኔን ሥራ ሲሠሩልኝ የኖሩ ሴት ናቸው። ጎናቸው ተጠግቼ ተቀመጥኩ።

ከእሑድ በኋላ ትኩሳቱ ያዛቸው። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ነጋዴው ሊያገላብጣቸው አንሶላውን ሲይዝ፣ «ተወው ልጄ፣ ዛሬስ እንዳለሁ ልሁን» አሉት። እጃቸውን ይዞ ተቀመጠ። መሽቶ ሳይጨልም ዐረፉ። በማግስቱ ለመቅበር የወጡት ጥቂት ሰዎች ናቸው። ድንኳን አልተተከለም፤ መሰብሰብ አይቻልም። ነጋዴው ቃሬዛውን ተሸክሞ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ሄደ፤ ከዚያ ሌሎች ተቀበሉት፤ እሱ ቀብሩ እስኪያልቅ ደጅ ላይ ቆሞ ጠበቀ።

ለቅሶ በተቀመጥኩባቸው ቀናት እትዬ ማለዳ ማለዳ ወጣ ይሉ ነበር። የት እንደሚሄዱ ጠየቅኋቸው። ከእኛ ቤት ከፍ ብሎ ዐይናቸው የማያይ አሮጊት አሉ፤ ኮሚቴው ሳይፈርስ የተመደቡላቸው እትዬ ነበሩ። አሁን ኮሚቴ የለም። እሳቸው ግን መሄድ አላቋረጡም። አንድ ቀን አብሬያቸው ሄድኩ። አሮጊቷ አልጋ ላይ ተቀምጠው ደጅ ደጁን ያዳምጡ ነበር። እትዬ እግራቸውን ሲያጥቡ እኔ ውኃ አፈሰስኩ። ውኃው በረደኝ ብለው ተቆጡን። ጥፍራቸውን ቆረጥኩላቸው። የአባቴን ጥፍር አንድም ቀን ቆርጬ እንደማላውቅ ትዝ ያለኝ ያኔ ነው። ፍራሹን ለእሳቸው ሰጠናቸው።

ወደ ሞጣ የሚሄድ የጭነት መኪና ሲገኝ ነጋዴው ሊሸኘኝ መጣ።

«እናቴ ሞጣ ናት» አለኝ። «መስጊዱ አጠገብ ነው ቤቷ። ወንድሞቼ ከተማ ለቀው ሄደዋል፤ እሷ አልሄድም ብላ ብቻዋን ቀርታለች። ካየኋት ከዓመት በላይ ሆነኝ። አንድ ጊዜ ብቻ ጎራ ብለሽ እንዳለች ብታዪልኝ።»

እሄዳለሁ ብዬ ቃል ገባሁለት። ሞጣ በደረስኩ በሳምንቱ ሄድኩ። አጭር፣ ቀጭን፣ ምላሳቸው የሰላ ሴት ናቸው። የልጃቸውን ሰላምታ ነግሬያቸው አለቀሱ፤ ስለ እኔ አባት ነግሬያቸው ደግሞ አለቀሱ። ልነሣ ስል ሊሸኙኝ ሞከሩና አቃታቸው። ወገባቸው አይታዘዝም። ውኃ የሚያመጣላቸው ሰው ሲያስታውስ ያመጣል፤ ሲረሳ ሳይጠጡ ይውላሉ።

አሁን በሳምንት ሁለት ጊዜ እሄዳለሁ። ሠፈራችን ውስጥ ላሉት እድሮች እንደ ቢቸናው ዓይነት ነገር እንጀምር ብዬ ጠየቅሁ። ክርስቲያኖቹም ሙስሊሞቹም አልተቃወሙም። «ሰላም ይሁንና» አሉ ሁሉም።

ባለፈው ሳምንት የነጋዴው እናት ገላቸውን ላጥባቸው ስል አሻፈረኝ አሉ። «ልጅ ወልጃለሁ፤ በባዕድ አልታጠብም» ብለው በርጩማቸው ላይ ፊታቸውን አዞሩ። ሳላስጨንቃቸው እግራቸውን ብቻ አጠብኩ። ካልጋ ሲወርዱና ሲወጡ ለብቻዬ ማንሣት አልችልም፤ ጎረቤታቸውን እንድታግዘኝ ለምኛታለሁ። እመጣለሁ ብላለች። ዛሬ ጠዋት ስጠብቃት አረፈድኩ፤ አልመጣችም። ውኃውን አሞቅሁና እንደምንም ለብቻዬ ከእግራቸው ማጠብ ጀመርኩ።